ጾመኛው አቦሸማኔ

የደብረ ዘይት ማግስት፣ ሰኞ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መልአኩ ደወለና «ተሰረቅሁ» አለኝ።

«ምን ተሰረቅህ?»

«አቦሸማኔዬን።»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስነት ዘመኔ በግ የተሰረቀ፣ ሞባይል የተሰረቀ፣ አንዴም የቤቱን በር ከነመቃኑ የተሰረቀ ሰው እኔ ዘንድ አመልክቷል። ሕግ እንዳይይዝ የከለከለውን አውሬ ተሰረቅሁ ብሎ በገዛ እጁ ፖሊስ የጠራ ግን እሱ የመጀመሪያዬ ነው።

«ዘበኛዬንም ፈንክተውታል» አለ ቀጠለና። «አንተ ደግሰው፣ ቶሎ ና።»

ከመልአኩ ጋር አንድ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጥረናል። እኔ ኢንስፔክተር ሆንሁ፤ እሱ ከላሊበላ ጫፍ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ዐሥራ ሁለት ክፍል ያለው ሎጅ ከፈተ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ፈረንጁ ቀረበት። ያኔ ነው እንግዳ ይስብልኛል ብሎ የአቦሸማኔ ግልገል ከቆላ ያስመጣው። እንግዳው እንደሆነ አልመጣም።

ሳጅን ሰአዳን ይዤ ሄድሁ። ሰአዳ ወጣት ናት፤ ዳገት ስታይ ደስ ይላታል። እኔ ጉልበቴን እየረገምሁ ከኋላ ደረስሁ።

የግልገሉ ቤት ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው። ቤት ካሉት፤ አንድ አልጋ የማይዘረጋበት የሽቦ ጎጆ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ከማጠፊያው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጭረት እንኳ የለበትም። ከበሩ ፊት ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ወድቋል፤ ደም ነክቶታል። ውስጥ አንድ የላስቲክ ሳሕን አለ፤ የሽሮ ፍትፍት ደርቆበታል።

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?» አልሁት።

«ዘበኛው ክፍል፣ ምስማር ላይ።»

ሰአዳ ሄዳ አየችና ተመለሰች። «አሁንም ምስማሩ ላይ ነው።»

«ሳጅን፣ ሌባ ቁልፍ አውርዶ፣ ከፍቶ፣ ሰው ፈንክቶ፣ ቁልፉን መልሶ ይሰቅላል?»

«ሥርዓት ያለው ሌባ ከሆነ» አለች።

መልአኩ አልሳቀም። ሻይ እንጠጣ ብሎ ወደ እንግዳ መቀበያው አስገባንና ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። እዚያ፣ በወርቃማ ፍሬም፣ በመስታወት ውስጥ፣ የእኔ ፊርማ ተሰቅሏል።

ነገሩን ልናገረው። ጥቅምት ላይ አንድ አስጎብኚ ጠቁሞኝ ግልገሉን ልወርስ መጥቼ ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው፣ ይወረሳል ይላል። የት እንደሚውል፣ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያበላው ግን አይልም። በላይ ያሉትን ብጠይቅ «እስክንረከብ ጠብቁ» አሉኝ። ጣቢያችን ያለችው አንዲት ማረፊያ ክፍል ናት፤ እሷም ሰው አታጣም። ስለዚህ «የሚመለከተው አካል እስኪረከብ ድረስ በአቶ መልአኩ እጅ በአደራ ይቆይ» ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ፤ ማኅተም አስመታሁ። መልአኩ ፍሬም ገዛለት። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ፈቃዴ ነው» እያለ ያሳያል መባሉን ሰምቼ ዝም አልሁ። ደክሞኝ ነበር። ሁልጊዜ ይደክመኛል፤ ምክንያት ግን አይሆንም።

ባለፈው ዓርብ ሣራ የምትባል የእንስሳት ሐኪም ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። የተወረሱ አውሬዎች ማቆያ ውስጥ ነው የምትሠራው። «ሐሙስ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ። «ግን ኢንስፔክተር፣ መጥቼ እንስሳው ከሌለ ሁለተኛ መኪና አላገኝም። በሥጋ በኩል እንዴት ነው?» ደህና ነው አልኋት። አላየሁትም ነበር። መልአኩ እንዳይሸሽገው ብዬ የመኪናውን ነገር ከሰአዳ በቀር ለማንም አልተነፈስሁም። ያቺን ፊርማ የማስተካክልባት አንዲት ቀን ተሰጥታኝ ነበር፤ አሁን ሦስት ቀን ሲቀራት አውሬው የለም።

* * *

ዘበኛው በለጠ ሐኪም ቤት ተኝቷል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ እጆቹ የገበሬ የሆኑ ሰው ነው። ግንባሩ ላይ ስድስት ቦታ ተሰፍቷል።

«ሦስት ናቸው ጌታዬ» አለኝ። «ፊታቸውን ተከናንበዋል።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም። መቱኝ፤ ወደቅሁ።»

«ከፊት ለፊት መቱህ። ድንጋዩ ሲመጣ አላየኸውም?»

«ጨለማ ነው።»

ብርድ ልብሱ ሥር ይንቀጠቀጣል። የአልጋው ራስጌ ላይ ያለው ልብስ አንድ ያረጀ ካፖርት ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም ወር፣ ላስታ ደጋ ላይ፣ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው።

«ጋቢህስ?»

ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ። «ወሰዱት» አለ።

«አቦሸማኔ ሊሰርቅ የመጣ ሰው ያንተ ጋቢ ምን ያደርግለታል?»

«ብርድ ነው ጌታዬ።»

ነርሷን ማን እንደሚያስታምመው ጠየቅኋት። ማንም አልመጣም፤ እንጀራ የሚያጎርሱት የጎረቤት አልጋ አስታማሚዎች ናቸው አለችኝ። ዘመድ የለህም ወይ ብዬ ብጠይቀው «እናት አለችኝ፤ ሩቅ ናት» አለ።

ስነሣ አተኩሮ አየኝ። አንድ ነገር እንዳስታውስለት የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ምንም አላስታወስሁም፤ ወጣሁ።

* * *

የሎጁ ወጥ ቤት ኃላፊ ይማርሽ ትባላለች። ሽንኩርት እየከተፈች ነው ያናገረችን፤ ቢላዋዋን አላስቀመጠችም።

«ምን ይበላ ነበር?» አልኋት።

«እኛ የምንበላውን።»

«ጾም ነው እኮ።»

«አዎ። ጾም ነው።»

ሰአዳ አየችኝ፤ እኔም አየኋት።

«ይማርሽ፣ አውሬ ነው የምጠይቅሽ።»

«ኧረ በዐቢይ ጾም በኔ ድስት ሥጋ ሊሠራ? ዕቃው ሁሉ ይነካካል! የሚመጡልን እንግዶች እኮ ጾመኞች ናቸው። ልኳንዳውስ የት ተከፍቶ ነው? ሽሮውን በዘይት አለስልሼ እፈተፍትለታለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይልስ ነበር።»

«ኋላስ?»

«ኋላ ፊቱን ያዞር ጀመር። ጋሽ መልአኩን ብነግራቸው ‹በነነዌ ከብቱም ጾሟል፤ ለፋሲካ በግ አርድለታለሁ፣ ይታገሥ› አሉኝ።»

«የነነዌ ከብቶች የጾሙት ሦስት ቀን ነው» አልኋት። «ያውም ሣር በል ናቸው። በነቢያት ጾምስ ምን በላ?»

«ያኔም ሽሮ።»

«ረቡዕና ዓርብ?»

ቢላዋው ቆመ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ልጆቿን እንዳሳደገቻቸው፣ አንድም ቀን ሳታዛንፍ፣ አውሬውን በሥርዓት አስጹማዋለች። እንዲህ ያለ ጥፋት እኛ አገር ብቻ ነው የሚሠራው፤ ልስቅ ፈልጌ አቃተኝ።

«በለጠ አንድ ቀን የዶሮ እግር በወረቀት ጠቅልሎ ቢያመጣለት፣ ጋሽ መልአኩ ግቢዬን አረከስህ ብለው ሊያባርሩት ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔም ደግ አደረጉ ብያለሁ፤ ምን እዋሻለሁ።»

«ሰሞኑን እንስሳውን ሊያይ የመጣ እንግዳ ሰው አለ?»

«ሂሻም የሚባል የወልድያ ሾፌር። ሁለት ጊዜ መጥቶ በሞባይሉ ፎቶ አነሣው። ከጋሽ መልአኩ ጋር በሹክሹክታ ሲያወሩ ነበር።»

* * *

ሂሻምን ማክሰኞ ሙጃ ላይ በግ ሲጭን አገኘነው። ሳቂታ ነው፤ ወርቅ ጥርሱን ያሳያል።

«ኧረ ኢንስፔክተር፣ እስከዚህ ድረስ ለኔ ብለው ደከሙ?»

ሰአዳ የፒካፑን ሸራ ገለጠችው። ከበጎቹ ጀርባ አዲስ የብረት ፍርግርግ ሳጥን አለ፤ ባዶ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዶሮ ቤት ነው እህቴ።»

«ዶሮህ ቁመቷ ስንት ነው?»

ሳቁ ቀነሰ። ሳጥኑን ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት፤ ከቀለም በቀር ምንም አይሸትም። ጠጉር የለበትም፤ ጭረት የለበትም።

«እሑድ ማታ የት አደርህ?»

«ኬላ ላይ። ወላሂ! እሑድ ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ ሊብሬህ ተቀዷል ብለው አቁመውኝ ሰኞ አራት ሰዓት ነው የለቀቁኝ። ደውለው ይጠይቁ።»

ሰአዳ ደወለች። ኬላው ላይ ተመዝግቧል፤ ሰውየው አልዋሸም።

«ሳጥኑስ?»

አንገቱን አከከ። «ሰኞ ረፋድ ልወስደው ነበር። ከመልአኩ ጋር ተስማምተናል። እኔ እስከ ወልድያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ይቀበለኛል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ባሕር ያሻግረዋል። እዚያ ማዶ በመኪና ወንበር ላይ አስቀምጠውት የሚዞሩ ሰዎች አሉ ይባላል። ከኬላው ስለቀቅ ግን መልአኩ በስልክ ‹ሌባ! ቀድመህ ወሰድኸው!› ብሎ ሰደበኝ። እኔ ምን አውቄ።»

በዚያው ምሽት መልአኩን ጣቢያ አስጠርቼ ፊት ለፊት አስቀመጥሁት።

«የመንግሥት አደራ ልትሸጥ ነበር።»

«ምን ላብላው ታዲያ?» ብሎ ጮኸ። «እንግዳ የለ፣ ገቢ የለ! አንተ ጥለህብኝ ሄድህ። መጥተህ አይተኸው ታውቃለህ?»

አላውቅም። «ሥጋ ነበር የምታበላው» አልሁት፤ ድምፄ ግን የሚገባውን ያህል አልከበደም።

«እና አሁን የት አለ?» አለኝ።

«እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቅህ።»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። መልአኩን ከልጅነቱ አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። አልቀላም። ቃሉን ተቀብለን አሳደርነው። ሁለት ቀን ሮጠን ያገኘነው አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር፤ ሐሙስ ደግሞ አንድ ቀን ቀርቶታል። ያ ግልገል በሽሮ ላይ ሽሮ ተጨምሮበት የት ወድቆ እንደሆነ እያሰብሁ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

* * *

ረቡዕ ጧት ሰአዳ ቢሮዬ ስትገባ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ነበር።

«ገበያ ላይ ሰው የሚያወራው ስለ አቦሸማኔው አይደለም» አለች። «ስለ አንዲት መነኩሲት ነው። በሦስት ቀን ሦስት ዶሮ ገዙ፤ ጾም ገደፉ እየተባለ ነው።»

«ለፋሲካ ገዝተው ይሆናል።»

«መነኩሲት? ለፋሲካ? ሦስት ዶሮ? መሐመድኑርን ያነጋግሩት እስቲ።»

መሐመድኑር በገበያው ዳር ዶሮ ይሸጣል። ስንደርስ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ወላሂ እኔ አላጠፋሁም ኢንስፔክተር። ክርስቲያን በዚህ ወር ከኔ ዶሮ ይገዛል፤ እግሩን አስሮ ይዞት ይሄዳል፣ ለፋሲካ ያደልበዋል። እኚህ እናት ግን ‹አርደህ፣ ገነጣጥለህ ስጠኝ› አሉኝ።»

«አንተ አረድህ?»

«ቢስሚላህ ብዬ አረድሁ። ደሙም ነጠላቸው ላይ ተፈናጠረ። ‹እማማ፣ እኔ ያረድሁትን እናንተ አትበሉም እኮ› ብላቸው ‹ግድ የለም ልጄ፣ የሚበላው አይጠይቅም› አሉኝ።»

ከገበያው ወጥተን አጥር ጥግ ቆምሁ። ጉልበቴን ረሳሁት።

«ሰአዳ፣ ክርስቲያን ያረደውን ትበያለሽ?»

«አልበላም።»

«እኛስ እናንተ ያረዳችሁትን?»

«አትበሉም።»

«ጾም የሚገድፍ ሰው ሞልቷል። ተደብቆ ይበላል፣ ንስሐ ይገባል። ግን ጾም የገደፈ ክርስቲያን እንኳ፣ ሥጋ ያማረው መነኩሴ እንኳ፣ ሙስሊም ያረደውን ወደ አፉ አያስገባም። እሳቸው ዶሮውን ከነነፍሱ ይዘው መሄድ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም።»

ሰአዳ ቀስ ብላ «ሥጋው ለሰው አይደለም» አለች።

«ለሰው አይደለም። ማን ናቸው?»

«እማሆይ ዓይናዲስ ይባላሉ። ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ፣ ከገደሉ ሥር ካሉት የመነኩሲት እናቶች ጎጆዎች ባንዱ ይኖራሉ። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሎጅ ዘበኛ ነው ይላሉ።»

በለጠ። ሩቅ ናት ያላት እናቱ ሦስት ቀን በተከታታይ ገበያ ወርዳለች። በሐኪም ቤቱ በር አልፋለች። ጭንቅላቱ የተፈነከተ ልጇን አንድ ጊዜ እንኳ ገብታ አላየችውም። እናት እንዲህ የምታደርገው ልጇን ስትጠላ ነው፤ ወይ ደግሞ ቁስሉ ከየት እንደመጣ ስታውቅ ነው።

* * *

ዳገቱን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀሁበት። ጎጆዎቹ ጋ ስንደርስ መምሬ ገብረ መስቀል፣ የእናቶቹ የንስሐ አባት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። መስቀል ተሳለምሁ።

«ስለ እማሆይ ዓይናዲስ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። «ወሬው እስከ ፖሊስ ደረሰ?»

«ምን ወሰናችሁ አባ?»

«ለእሑድ፣ ለገብር ኄር፣ ዕቃቸውን ይዘው ይወርዳሉ። ዐሥራ ስድስት ዓመት አብረውን ኖሩ። ግን በነጠላቸው ላይ ደም ታየ፤ ከጎጇቸው የዶሮ አጥንት ወጣ። እናቶቹ አንድ ማዕድ አንቀርብም አሉ።»

«እሳቸው ምን አሉ?»

«‹እግዚአብሔር ያውቃል› ብለው ዝም። ምን ላድርግ?» ዓይናቸው ቀልቷል። «የት እንደሚወድቁም አላውቅም።»

እማሆይ ዓይናዲስ ከጎጇቸው ደጃፍ ቆመው ነበር። ትንሽ ናቸው፤ ቆባቸው ግንባራቸውን ሸፍኖታል። ስጠጋ ክንዳቸውን በበሩ ላይ ዘረጉ።

«ልጄ፣ የመነኩሲት ቤት ወንድ አይገባበትም።»

«እኔ ልግባ እማማ?» አለች ሰአዳ።

የፀጉር መሸፈኛዋን አዩት፤ ፊቷን አዩት። ክንዳቸው ወረደ። «አንቺ ግቢ።»

ሰአዳ ጎንበስ ብላ ገባች። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ ሕፃን እንዳይነቃበት ቀስ ብሎ የሚያወራ ሰው ዓይነት ድምፅ።

«ኢንስፔክተር፣ ጋቢው እዚህ ነው። በጋቢው ውስጥ ደግሞ እሱ አለ። ይተነፍሳል።»

እማሆይ ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ዓይኔን ወደ ውስጥ ብሰድ ከጨለማው አንድ ቢጫ ፊት አየኝ፤ ከዓይኑ እስከ አፉ እንባ የወረደበት የሚመስል ጥቁር መስመር ያለው። ከሲታ ነው። እንደ ድመት ያንኮራፋል፤ ድምፁ ግን ጎጆውን ይሞላል።

«እሑድ ማታ ልጄ አዝሎ አመጣው» አሉ እማሆይ። «ሰኞ ሊሸጡት ነው ሲባባሉ ሰምቶ። ‹እናቴ፣ የት ላድርሰው?› አለኝ። ሲያመጣው በእግሩ አይቆምም ነበር። ዛሬ ቆመ። ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ ግን ቆመ።»

«ለመምሬ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ብናገር ልጄን ታስረዋለህ። እኔን ቢያስወጡኝ የምወጣው ከጎጆ ነው።»

ሦስቱን ቀን ሁሉ፣ ከየሰዉ ዓይን ሥር፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት የጠበቁትን ስማቸውን በየገበያው ሲጥሉ ሰንብተዋል። እንባዬ መጣ። ፖሊስ ነኝና ወደ መምሬ ዞርሁ።

«አባ፣ እነዚያን ዶሮዎች ማን እንዳረዳቸው ያውቃሉ?»

«ማን አረዳቸው?»

«መሐመድኑር። በቢስሚላህ።»

መምሬ ሌላ ማብራሪያ አልፈለጉም። ሕግ ያልተማረ ሰው እንኳ እዚህ አገር ይህን ያውቃል። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና «እንግዲያ አልበሉም» አሉ። ደገሙትም። «አልበሉም እኮ።» ከዚያ በዚያ ዕድሜያቸው እማሆይ ፊት መሬት ላይ ተንበረከኩ። «ይፍቱኝ እናቴ።»

«እርስዎ ነዎት የሚፈቱት አባቴ፣ ይነሡ፤ ድንጋዩ ይቆረቁርዎታል» አሉ እማሆይ።

* * *

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በለጠ አልጋ አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ጋቢውን እግሩ ላይ አስቀመጥሁለት። አየውና ዓይኑን ጨፈነ።

«እናቴን አሰሯት?»

«አላሰርሁም። ግልገሉም ደህና ነው። በድንጋዩ ማን መታህ?»

«ራሴ ነኝ። ጋሽ መልአኩ ሰጠኸው እንዳይሉኝ ብዬ። ትንሽ ላስነካው አስቤ ነበር፤ እጄ በረታ።»

ቁልፉን ከልማድ ብዛት ምስማሩ ላይ መልሶ እንደሰቀለው ነገረኝ። እናቱ ዶሮ ሊገዙ ያሰቡት ጥጥ ፈትለው ለቤተ ክርስቲያን መገበሪያ ካጠራቀሟት ገንዘብ እንደነበርም ነገረኝ፤ ያለውን ሁሉ ጻፍሁ። ከዚያ ልቤ የተናደደበትን ጠየቅሁት።

«አንተ ሰው፣ ይህን ሁሉ ከምታደርግ ለምን ወደ ፖሊስ አልመጣህም?»

እንደ ሰኞው አተኩሮ አየኝ።

«መጥቼ ነበር እኮ ጌታዬ።»

«መቼ?»

«የምኩራብ ማግስት። ወረፋ ጠብቄ ገባሁ። እርስዎ ስልክ ይዘው ነበር። ‹አውሬውን ጾም አስያዙት፣ ሊሞት ነው› አልሁዎት። ቀና ሳይሉ ‹ጽፈህ አምጣ› አሉኝ።»

«ለምን አልጻፍህም ታዲያ?»

«መጻፍ አልችልማ።»

ያን ቀን ለማስታወስ ሞከርሁ። ፊቱን፣ ካፖርቱን፣ ድምፁን። ምንም አልመጣልኝም። በቀን ስንቱን «ጽፈህ አምጣ» እላለሁ፤ ያልጻፈ አይመለስም፣ ቢሮዬም ጸጥ ይላል። ከዋሸሁትም ካጠፋሁትም ይልቅ ይህ ነው የጎዳኝ፤ አለማስታወሴ።

* * *

መኪናው ሐሙስ አልመጣም። መንገድ ተዘግቶ ቅዳሜ ገባ። ያን ሁለት ቀን ግልገሉ እማሆይ ጎጆ ሰነበተ፤ ሰአዳ ዶሮውን እያሳረደች ዳገቱን ወጣች፤ ሌሎቹ እናቶችም በየተራ ብቅ እያሉ ዓይተውታል አሉ፣ ከሩቅ።

ሣራ ከመኪናዋ ወርዳ ጓንቷን አጠለቀችና የግልገሉን የፊት እግሮች ከላይ እስከ ታች በጣቶቿ ዳበሰች። ሁለቱም ወደ ውጭ ተቆልምመዋል። ደጋግማ ዳበሰች።

«ይኖራል» አለች።

«ተመስገን» አሉ እማሆይ።

«ይኖራል፤ አጥንቱ ግን እንዲህ ሆኖ ጠንክሯል። ሥጋና አጥንት በሚያስፈልገው ጊዜ አላገኘም።» ወደ እኔ ዞረች። «አይሮጥም ኢንስፔክተር። ከእንግዲህ መቼም አይሮጥም።»

የሎጁን ፍሬም ከግድግዳው አውርጄ ከነመስታወቱ መዝገቡ ውስጥ ኤግዚቢት አድርጌዋለሁ። መልአኩም ሂሻምም ይጠየቁበታል። በለጠም በሐሰት ቃሉ ይጠየቃል፤ ከዚያ ላድነው አልችልም። አንድ የምችለው ነገር ግን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ፋሻው ሳይፈታ ቢሮዬ አስጠራሁትና ወንበር ሰጠሁት። ስልኬን አጠፋሁ።

«ያን ቀን ልትነግረኝ የመጣኸውን ንገረኝ» አልሁት። «እኔ እጽፈዋለሁ።»

እሱ ተናገረ፣ እኔ ጻፍሁ። ሁለት ገጽ ሆነ። ሲያልቅ አነበብሁለት፦ «...ይህንኑ በምኩራብ ማግስት ሰኞ ለኢንስፔክተር ደግሰው ቀርቤ በቃል አመልክቻለሁ። ኢንስፔክተሩ ጽፈህ አምጣ ብለው መለሱኝ። መጻፍ ስለማልችል አልተመለስሁም።»

በለጠ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

«እሱን ይተዉት ጌታዬ። ችግር ያመጣብዎታል።»

«ያመጣል።»

«እና ለምን ይጽፉታል?»

«መጥተህ ስለነበር» አልሁት።

አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነና ወረቀቱ ግርጌ አሳረፈ። ከሱ በታች እኔ ፈረምሁ፤ ያንኑ ፊርማ።